አባቴ በሬዲዮ የተናገሩ ቀን

ባለፈው ሰሞን ከአየር ጤና ወደ ቤቴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ታክሲ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "አሥራ ስምንት ማዞሪያ! የሞላ፣ አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል፤ ሬዲዮው ውስጥ ደግሞ አንዲት የገጠር ሴት ስለተሰበረ ድልድይ ትናገራለች። ከአንድ ወረዳ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የተወሰደ ዝግጅት ነው ተባለ፤ የአገሩ ሰው ራሱ ደውሎ በቀጥታ የሚናገርበት። ጋዜጠኛው አመስግኖ ሊሰናበታት ሲል "ቆይ እንጂ አንተ፣ መች ጨረስኩ!" አለችው። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ጋዜጠኛውም ምን ያድርግ፣ አስጨረሳት። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። አንገቴን ደፍቼ የነጠላዬን ጥለት ስቆጥር ፌርማታዬ አለፈኝና ከማዞሪያው ወዲያ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አባቴን ነበር።

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ታክሲ ስሙኒ ነበር። ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጠን የምንቀመጥበት፣ ሕዝቡ በዘመኑ ስብሰባ ስም "ውይይት" ያለው ታክሲ። ውይይት ይባል እንጂ አፉን የሚከፍት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የፊት ለፊቱን ሰው ጫማ እያየ ይሄዳል። ጫማውም ቢሆን ያው ነው፤ ወይ የላስቲክ ኮንጎ፣ ወይ የቻይና ሸራ፣ ጎማ የተሰፋበት በረባሶ ያደረገም አይጠፋም። ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት የኮልፌ መንገድ ያን ጊዜ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከማዞሪያው ወረድ ብሎ የኅብረት ሱቁ አለ፤ ስኳርና ሳሙና መጣ የተባለ ዕለት ሰልፉ ጠጅ ቤቱን አልፎ እስከ ባሕር ዛፉ ይደርሳል። እኔ በቀበሌው የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ካኪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር፤ ዛሬም የካኪ ጨርቅ በካውያ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ ያንን ዘመን አንጠልጥሎ ያመጣብኛል። ባለቤቴ ጥላሁን አየር ጤና አካባቢ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እጁ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ የሚል፣ ከሰው ጋር መጣላት የማይወድ ሰው።

ቤታችን ውስጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ቢኖር ሬዲዮናችን ነበር። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ልባስ ነበረው፤ እኔ ደግሞ በላዩ ዳንቴል ሠርቼ አልብሼዋለሁ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ጣራ ላይ ፀሐይ እናስመታውና ለሁለት ለሦስት ቀን ነፍስ ይዘራል። ጎረቤታችን ያሉት ጴንጤዎች በቤታቸው ተሰብስበው ሲዘምሩ ለወሬ ነጋሪ እንዳይሰማባቸው "እታገኘሁ፣ እባክሽ ሬዲዮሽን ከፍ አድርጊልን" ብለው ይልኩብኛል። እኔም የማርያም ልጅ ነኝ፣ ግን ከፍ አደርግላቸዋለሁ። ጎረቤት ነዋ።

ከሬዲዮው ዝግጅት ሁሉ የምወደው የገበሬዎቹን ነበር። ከዜና በፊት፣ አመሻሽ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ማሲንቆ ይሰማል፣ ቀጥሎ በሬ የሚነዳ ሰው ፉጨት፣ ከዚያ ሰብለ የምትባል ጋዜጠኛ "ጤና ይስጥልን ወገኖቼ" ትላለች። ኮልፌ ያን ጊዜ ግማሹ ሰው ከሸዋና ከጎጃም ገጠር የመጣ ነው። ስለ ማዳበሪያና ስለ እርከን የሚነገረውን ብዙም አንሰማውም ነበር። የምንሰማው ከሰውየው ጀርባ ያለውን ነው፤ ዶሮ ሲጮኽ፣ ሽማግሌ ሲያስል፣ ሴት ልጇን ከሩቅ ስትጣራ። አገራችን ደርሰን የተመለስን ይመስለናል።

አንድ ሐሙስ ሽሮ እያማሰልኩ ሳለ ሰብለ "ስምዎን ቢነግሩን አባቴ?" አለች። "ቸርነት እባላለሁ" አለ ሬዲዮው። ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። አባቴ ናቸው! ጥላሁን ከመቀመጫው ተነሣ። አባቴ ቀጠሉ፤ "ከጉብታው ወርደን እዚህ ሜዳ ላይ ባንድ ሰፍረናል። እግዜር ይስጣቸው፣ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ተሠርቶልናል። ለጤናም ሰው ይመጣል ብለውናል። ውኃም ተቆፍሮልናል።" እዚህ ላይ ማሲንቆው ገባ፤ አለቀ።

ደጃችን በአንድ አፍታ ሞላ። "እንኳን ደስ ያለሽ! አባትሽ በአገር ፊት ተናገሩ!" ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ። ሰው ከተበተነ በኋላ ግን አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ።

"ጥሌ፣ አባባ አልጨረሱም" አልኩት።

"እንዴት?"

"ድምፃቸው አልወረደም። አባባ ነገር ሲጨርሱ ድምፃቸው ይወርዳል፤ 'እንግዲህ ይኸው ነው' ይላሉ። አሁን ገና ሽቅብ እየወጡ ነበር።"

"ደግ ተናገሩ፣ አመሰገኑ፣ በቃ። ያልተባለ ነገር ፍለጋ አትሂጂ" አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።

የአባቴ አገር በጅማ መንገድ ነው፤ ከአውቶቡስ ወርዶ ከሰዓት በላይ በእግር ያስኬዳል። እኔ ያደግሁበት ጉብታ ላይ ቤቱ ተራርቆ የተሠራ፣ ጓሮው እንሰትና ጌሾ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ክረምት ከበጋ የማይነጥፍ ምንጭ ያለው ነበር። የመንደር ምሥረታ ሲመጣ ሰዉ በመንግሥት ትእዛዝ ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ረግረጉ ጨፌ ዳር ወረደ። ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፍቷል፤ ሚስቱ ዘነቡ ምሕረት የምትባል ሕፃን ልጇን ይዛ ከአባቴ ጋር ትኖራለች። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ፣ ስኳርና ሳሙና ቋጥሬ ሄድኩ።

ጎጆዎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። በየበሩ ቁጥር አለ። መሀል ሜዳው ላይ አንድ የብረት ቱቦ ከመሬት ብቅ ብሎ፣ አፉ በድንጋይ ተከድኖ ቆሟል። ያ ነው ተቆፈረ የተባለው ውኃ። ቆፋሪዎቹ ቱቦውን ቀብረው፣ ፓምፑን ልናመጣ ብለው እንደሄዱ ቀሩ። ምንጩ ጉብታው ላይ ርቆ ስለቀረ ሴቶቹ ከጨፌው ነው የሚቀዱት፤ በነጠላቸው አልቅቱን እያጠለሉ።

አባቴ ከሩቅ አይተውኝ እንደ ወጣት እየተንደረደሩ መጡ። ገና ስመውኝ ሳይጨርሱ "ሰማሽኝ?" አሉ።

"ሰማሁዎ አባባ።"

"እንዴት ነበር? ሳል ይዞኝ ነበርኮ። ስለ ውኃው ስናገር ትንሽ ተቆጣሁ መሰለኝ፤ ሰው አልተቀየመም?"

ምን ልበል? እጃቸውን ሳምኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ከበበኝ። አንዱ "አዲስ አበባ ምን ተባለ?" ይላል፤ ሌላው "ፓምፑ መቼ ነው የሚመጣ?" ይላል። ለመንደሩ የተሰጠው ሬዲዮ ድንጋዩ ካለቀ ወዲህ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቤት ተሰቅሏል፤ አባቴ ሲናገሩ ያዩ እንጂ በሬዲዮ የሰማቸው አንድም ሰው የለም። ሁሉም አባቴ ያሉት በሙሉ፣ እንዳለ፣ አገር ለአገር የተሰማ መስሏቸዋል።

ነገሩን የነገረችኝ ዘነቡ ናት። ምሕረትን ጡት እያጠባች፣ ልጅቷም እየጠባች ሳይሆን እየተነጫነጨች። ተቅማጥ ይዟት ዓይኗ ጎድጉዷል።

"ሰዉ ምንጩን ጠልፎ በቦይ ሊያወርደው ተስማምቶ ነበር" አለችኝ። "ሊቀመንበሩ ያለ ፈቃድ አይቆፈርም ቢልም ወንዶቹ ዶማቸውን ስለው ነበር። አባባ ናቸው ያስቆሟቸው። 'በሬዲዮ ሁሉን ተናግሬአለሁ፤ መንግሥት ሰምቶ ዝም አይልም፤ በገዛ እጃችሁ ጥፋተኛ አትሁኑ' አሏቸው። ሰዉ ያከብራቸው የለ፣ ቆመ።"

በማግስቱ ጠዋት ከአባቴ ጋር ወደ ምንጩ ወጣን። ድሮ ቤታችን በነበረበት ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩ። ምንጩ ጋ ስንደርስ ነገርኳቸው። ማን ይንገራቸው ሌላ?

"አባባ፣ ሁሉንም አላሰሙትም።"

"ግማሹን?"

"ግማሹን።"

"የትኛውን ግማሽ?"

"ምስጋናውን። 'ውኃም ተቆፍሮልናል' ሲሉ ማሲንቆው ገባ።"

ጎንበስ ብለው ከምንጩ በእፍኛቸው ቀዱ፤ ግን አልጠጡትም፣ መልሰው ለቀቁት። "'ተቆፍሮልናል እንጂ አልወጣልንም፤ ልጆቻችን ከከብት ጋር ከጨፌ እየጠጡ እያለቁ ነው' ነበር ያልኩት። እኔ አልዋሸሁም። ቃሌን ከወገቡ ቆርጠው ውሸት አደረጉት" አሉ። ቀና ብለው ደግሞ "ያቺ የሬዲዮዋ ልጅ ግን ክፉ አይደለችም። ቤቴ ገብታ እህል ቀምሳለች፤ ምሕረትን አቅፋለች። ሳታውቅ ነው። ሄጄ ብነግራት ታስጨምርልኛለች" አሉ።

ያን ዕለት ወንዶቹን ሰበሰቡና "ነገሬ ጎድሎ ስለቀረ አዲስ አበባ ሄጄ ላስሞላው ነው፤ እስክመለስ ታገሡ" አሏቸው። አንዳንዱ አጉረመረመ። ዘነቡ ልጇን አዝላ ከዳር ቆማ ነበር። አባቴን ብቻ ረዘም አድርጋ አየቻቸው።

ኮልፌ እኛ ቤት አረፉ። በየጠዋቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው በውይይት ታክሲ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ቀን እኔ አድርሻቸዋለሁ። ጠመንጃ የያዘው ዘበኛ "ማንን ፈልገው ነው?" አላቸው።

"ድምፄ እዚህ ቤት ገብቷል፤ እሱን ብዬ ነው የመጣሁ" አሉት።

ዘበኛው ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። ከዚያ ፊቱን አጥቁሮ መንገዱን ተሻግረው እንዲቆሙ አዘዛቸው። ከማዶ፣ አጥሩ ሥር፣ ፀሐዩ ሲበረታ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ይውላሉ። ማታ ተመልሰው እግራቸውን ዘርግተው ሲቀመጡ ጥላሁን እየተቅለሰለሰ ይጀምራል፤ "አባባ፣ ዘመኑ ጥሩ አይደለም። እኔም የመንግሥት ሰው ነኝ፤ ማን ናቸው እኚህ ሽማግሌ ብለው ቢያጣሩ..."

"ልጄ፣ ልከስ እኮ አይደለም። የቀረችዋን ላስጨምር ነው" ይሉታል።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ አብሬአቸው በቆምኩበት ሰብለ ወጣች። በድምፅዋ ትልቅ ሴት ትመስለኝ ነበር፤ ለካ ልጅ ናት። ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ፣ ሰፊ የካኪ ጃኬት፣ ፀጉሯን በሻሽ ወደ ኋላ ያሰረች። አባቴን እንዳየች ደነገጠች፤ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና "ተከተሉኝ" አለች። ራቅ ያለች ሻይ ቤት ገባን።

አባቴ ጉዳያቸውን እንደ ዳኛ ፊት በሥርዓት አስረዱ። እሷ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ሰማች።

"አባባ፣ እኔ ሁሉንም ይዤ ነው የመጣሁት" አለች። "የምቀርጸው እኔ ነኝ፤ የሚያሳልፈው ግን ሌላ ሰው ነው።"

"ይሁን። የተቆረጠችዋስ የት አለች? እሷን ብቻ ስጡኝ፤ ለሚመለከተው ላሰማ።"

"የለችም። የካሴት እጥረት አለ፤ ሌላ ተቀረጸበት።"

"በኔ ላይ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ምን ተቀረጸብኝ?"

ሰብለ አንገቷን ደፋች። "መዝሙር ነው። የወጣቶች መዝሙር።"

አባቴ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ "አንቺስ? አንቺ ሰምተሽኛል?" አሏት።

"ሰምቼዎታለሁ። ደጋግሜ ነው የሰማሁት።"

"እንግዲያ አንቺን አልቀየምም። ግን ልጄ፣ ሰው አስጠብቄአለሁ። ምን ብዬ ልመለስ?"

እንባዋ ሻዩ ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያ አገር በሙሉ በሚያውቀው ድምፅ፣ "አይጠብቁ አባባ። ማንም አይመጣም። ሂዱና በገዛ እጃችሁ አድርጉት። እኔ እንዳልኩ ግን ለማንም አይንገሩ፤ እናት አለችኝ" አለች። ሻዩን ሳትጠጣው ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ድምፅዋም ከዝግጅቱ ጠፋ።

አባቴ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። መንደሩ ሲደርሱ ምሕረት ተቀብራለች።

እኔ መርዶው ደርሶኝ ስሄድ ለቅሶው ገና አልተነሣም ነበር። አባቴ ከድንኳኑ በር ላይ፣ ከመደቡ ወርደው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ሲሞላ ተነሡ። ምንም አላስረዘሙም። "ማንም አይመጣም። ቃሌ አልደረሰም። ያስጠበቅኋችሁ እኔ ነኝ" አሉና ከጎረቤት ግድግዳ ላይ ዶማ አንሥተው ወደ ጉብታው አቀኑ። በለቅሶ መሀል! ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። መጀመሪያ አንድ ጎልማሳ ተከተላቸው፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ድንኳኑ ባዶ ሆነ። ዘነቡና እኔ ብቻ ቀረን። ዘነቡ የልጇን አንቀልባ ጭኗ ላይ አጥፋ አስቀምጣ "ያኔ ቢሆን" አለች።

ቦዩ ምንጩን ጠልፎ፣ በአሮጌዎቹ ጓሮዎች መሀል ተጠማዝዞ ሜዳው ላይ ወረደ። ሊቀመንበሩ "ያለ ፕላን፣ ያለ ትእዛዝ ነው" እያለ ሲጮኽ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ውኃው በወረደ በሳምንቱ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው አባቴን "ሕዝብ አሳድመሃል" ብለው ወሰዷቸው። አንተ ብለው፤ በዚያ ሽበት።

ወረዳው ከተማ ታሠሩ። እኔ በቻልኩ ቁጥር የይለፍ ወረቀት እየለመንኩ ቆሎና በሶ አደርስላቸው ነበር። የቆርቆሮ አጥር፣ ከውጭ የሴቶች ሰልፍ፣ ሁሉም ሰሐኑን በጨርቅ ቋጥሮ። አባቴ ስለ እሥራቱ አንድ ቀን አላማረሩም። የሚጠይቁኝ "ዘነቡስ?" ብቻ ነው። ዘነቡ አንድ ቀን አልመጣችም፤ ሰላም በሏቸው ብላም አልላከችም። ምን ልበላቸው? "ደኅና ናት" እላለሁ። እሳቸውም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በዚሁ መሀል አንድ ሐሙስ ማሲንቆው መጣ። አዲስ የወንድ ድምፅ የአባቴን መንደር ስም ጠራ። "በሰፊው ሕዝብ ተሳትፎና በአመራሩ ብርቱ ክትትል" አለና ሊቀመንበሩን አቀረበ። ሊቀመንበሩ ቦዩ እንዴት እንደታቀደ፣ እንዴት እንደተመራ ዘረዘረ። ከድምፁ ጀርባ ውኃው ይሰማል፤ ድንጋይ እየመታ፣ ኩልል ሲል። ያ የአባቴ ውኃ ነው። ጎረቤቶቼ እንደ ድሮው ደጄን ሞሉት፤ "እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ አገርሽ ውኃ ገባላት!" እያሉ። አባቴ መታሠራቸውን ከጥላሁን በቀር ለማንም አልነገርኩም ነበር። የታሠረ አባት ያላት ሴት በዚያ ዘመን እንዴት እንደምትታይ አውቃለሁ። "አሜን፣ አሜን" አልኩና ጓዳ ገባሁ። ጥላሁን ተከትሎኝ ገባ፤ በናፍጣ እጁ ትከሻዬን ያዘኝ። ያ የማይጣላ ሰው ተመልሶ ሄደና፣ ጎረቤቶች ተቀምጠው እያሉ ሬዲዮውን ዘጋው።

አንድ ቀን አባቴን ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቋቸው። ልወስዳቸው ሄድኩ። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ቁልቁለቱን እኔን ተደግፈው ነው የወረዱት። መንገድ ላይ ስለ ዝግጅቱ ነገርኳቸው።

"ማን ተናገረ?"

"ሊቀመንበሩ።"

"እሱን አልቆረጡትም?"

"አልቆረጡትም አባባ።"

ሳቁ። ከታሠሩ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቃቸው ነው፤ ሳል አቋረጠው። መንደሩ ሲታይ ግን ቆሙ። ከጎጆዎቹ ጀርባ ቦዩ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው እንስራቸውን ይሞላሉ። አባቴ ያዩት እሱን አልነበረም። የራሳቸውን ደጅ ነው።

"እታገኘሁ፣ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?" አሉኝ። አባቴ እኔን ምክር ሲጠይቁኝ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ክንዳቸውን ያዝኩና ሄድን።

ዘነቡ በሩ ላይ ነበረች። እጅ ነሣች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እሷ ወደ ምድጃው ሄደች፤ የሞቀ ውኃ በሳፋ ይዛ መጣችና እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ጭቃ የጋገረውን ጫማቸውን ራሷ ፈታችው። የእሥር ቤት ቁንጫ የበላውን እግራቸውን ውኃው ውስጥ ስታደርገው አባቴ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

"ዘነቡ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ..."

ቀና አላለችም። ተረከዛቸውን በመዳፏ እያሸች "ዝም ይበሉ አባባ" አለች። "ውኃው ይበርዳል።"